ቺንጋው፣ ሞላውና ግራ እጄ

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ተሰንጥቋል። ጀማል ጣቱን ሰደደ፣ ጣቱ ገባ፣ አለቀ። ትናንት ድንጋይ የመታው የሞተር ሳይክሌ የግራ ክዳን ነው፤ ካቴናውንና ፍሪሲዮኑን ዘይት ውስጥ ነክሮ የሚይዘው ያ ትልቁ ክዳን። ከዋናው መንገድ እስከ ጋራዡ በር ድረስ የዘይት መስመር እያሰመርኩ ነው የመጣሁት።

“ጋሼ ጌታነህ፣ ይኼ አሉሚኒየም ነው። ራቤል ውስጥ አሉሚኒየም የሚበይድ የለም። አዲስ አበባ ብንልከውም እቃው አርጅቷል፣ ይስቁብናል” አለኝ። እሱ ራሱ እየሳቀ ነበር። ከቆላ መጥቶ እዚህ ብርድ ላይ ጋራዥ የከፈተ ሰው ነው፤ ካልሳቀ በምን ይሙቀው።

ለሰው የማልነግረውን ነው እዚህ የምጽፈው፣ እንግዲህ ልጻፈው። ያስጨነቀኝ ክዳኑ አይደለም፣ እጄ ነው። ባለፈው መጋቢት ደም ግፊት ከጣለኝ ወዲህ እግሬም ምላሴም ተመልሰዋል (ምላስህስ ከነትርፉ ነው የተመለሰው ትላለች አስካለ፣ ባለቤቴ)። ግራ እጄ ግን እንደ እንግዳ አጠገቤ ተቀምጧል። ማርሽ ሲቀየር የሚሳበው ፍሪሲዮን ደግሞ የሚያዘው በግራ እጅ ነው። አንዴ ስስበው ያልበኛል፣ በሁለተኛው ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሦስተኛ የለም። ትናንትም ማርሽ መቀነስ ነበረብኝ፤ ጣቶቼ እምቢ አሉና በዚያው ፍጥነት ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ለጀማል “አላየሁትም” አልኩት። አይቼዋለሁ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ኃላፊያችን ጠዋት ጠርቶኝ ነበር። ልጄ የሚሆን ሰው ነው። “ጋሼ፣ መንዳት ከከበደዎት የመድኃኒት መጋዘኑን መዝገብ ይያዙልን” አለኝ። በአክብሮት ነው የተናገረው፣ ያ ነው የባሰብኝ። ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ በራሴ ሞተር እየዞርኩ የጊሼን በግ ስከትብ ኖሬ፣ አሁን መጋዘን ውስጥ ጠርሙስ ልቆጥር። እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ጀማል መላ አገኘሁ ብሎ በማለዳ ቤት ድረስ መጣ። አዲስ አበባ ያለ ወንድሙ ዘንድ፣ እንደኔው ካለ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ላይ የወረደ ቺንጋ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ካቴናውን እናወጣለን፣ በምትኩ ጥርስ ያለው ሰፊ የጎማ ቺንጋ ሞተሩን ከፍሪሲዮኑ ጋር ያገናኛል። ቺንጋ ዘይት አይፈልግም። ዘይት ከሌለ ክዳንም የግድ አይደለም። ፍሪሲዮኑም በደረቁ ይሠራል።

“ደረቅ የፍሪሲዮን ሸራ አጥብቆ ይይዛል ጋሼ፣ ዘይት አያንሸራትተውማ። ስለዚህ የሚጫነው ሞላ ለስላሳም ቢሆን ይበቃል። ሞላው ለስላሳ ከሆነ ደግሞ እጀታው…” ብሎ አቆመና ግራ እጄን አየ። ያውቃል ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ አልጠየቅኩትም።

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አንድ ወረቀት ሁለት ቦታ ከፈልኩ።

ካቴና፦ የማውቀው ነው። ጭቃም ዝናብም አይደርስበትም። ግን ክዳን የለም፣ ዘይት የሚይዝ የለም፣ ሞላው ጠንካራ ነው፣ እጅም የለም።

ቺንጋ፦ እጄ ይችለው ይሆናል። ግን ሜዳ ላይ የተሰጣ ነው። አሁን የገብስ ውቂያ ሰሞን ነው፣ ገለባው በየመንገዱ ይበናል። ከራቤል በላይ ያለው የጓሳ ሜዳ ጉም እንደ ዝናብ ያረጥባል፤ ደረቅ የሚባል ነገር ጓሳ ላይ ስንት ደቂቃ ደረቅ ሆኖ ይቆያል? ጠጠር ይገባበታል። የሱሪ እግር። የጫማ ማሰሪያ።

ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለቱም ጋ ተስፋ የሚሆን ነገር አጣሁ። ቢሆንም ጀማልን “ደውለህ አስልከው” አልኩት፤ ቁጭ ብሎ መጋዘኑን ከመጠበቅ ይሻላል።

አስካለ ወረቀቱን አይታው ኖሮ እራት ላይ አነሣችው። መምህር ዘውዱ የሚባል የዘመሮ ሰው ሞተሩን ሽጥልኝ ማለት ከጀመረ ዓመት ሆኖታል፤ ሰኞ ለራሱ ጉዳይ ራቤል ይመጣል። “እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔን ከኋላ ጭነህ ጓሳ ትወጣለህ። ደርሰህ ከመለስከኝ ስለ ሞተር ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልሆነ ሰኞ ለመምህሩ ትሰጠዋለህ” አለች። ለምን አንቺን ጭኜ፣ አልኳት። “ሌላ ማንን ልትጥል አስበሃል?” አለችኝ። ተስማማሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

እቃው በአውቶቡስ መጣ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ። ሁለት ቺንጋ (አንዱ መለዋወጫ)፣ ቺንጋው የሚዞርባቸው ሁለት ፑሌጃ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሁለት ዓይነት ሞላ። ስድስቱ ለስላሳ፣ ስድስቱ ጠንካራ፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ስድስት ሞላ ነው።

ጀማል መኪና ነው የለመደው፤ ቺንጋውን እንደ ክራር ወጠረው። ሞተሩ ሲነሣ ያፏጫል። አምስት ደቂቃ ቆይተን ብንነካው ይፋጃል። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቺንጋው ይበልጥ እየተወጠረ ሄዷል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ላላ ብሎ እንዲታሰር፣ በጣት ሲጠመዘዝ ግማሽ ዙር እንዲዞር አድርገን እንደገና ገጠምነው። ፉጨቱ ጠፋ።

“ከበርሜል ላሜራ ቆርጬ መሸፈኛ ልሥራለት?” አለኝ። እምቢ አልኩ። ሙቀት ያፍናል፣ ገለባም ከገባ መውጫ ያጣል፣ ይተንፍስ ተወው አልኩት። ምክንያት አይጠፋም። እውነቱ ግን ሲሽከረከር ማየቱ ደስ ብሎኝ ነው፤ በዚህ ዓመት ደስ ያለኝ ነገር ብዙ አይደለም። “እርስዎ ካሉ” አለና ላሜራውን ግድግዳው ላይ መልሶ አስደገፈው።

መጀመሪያ ለስላሳውን ሞላ ገጠምን። ተቀመጥኩ፣ ግራ እጄን እጀታው ላይ በቀኝ እጄ አስቀመጥኩት፣ ሳብኩ። ተጨበጠ! ደግሜ ሳብኩ። ሰባት ጊዜ። እንባዬ መጣና ጀማል ሲያየኝ ዘይት ዓይኔ ገባ አልኩት። ዘይት የሌለው ሞተር ላይ ተቀምጬ።

ደስታው ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም። የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። ሞላው ለእጄ ስለራራ ሸራውን አጥብቆ መያዝ አልቻለም። ወርጄ እየገፋሁ ተመለስኩ። የሚያውቁኝ ሁሉ መንገድ ላይ ነበሩ፣ እንዴት ዋልክ ያላለኝ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ጠንካራው ሞላ። ዳገቱን እንደ ምንም ወጣው። እጄ ግን አንድ ጊዜ ሳበና በቃው። ጣቶቼ ከእጀታው ላይ ሲንሸራተቱ ሞተሩ ዘሎ የጀማልን ባልዲ ገለበጠው።

ስለዚህ ነገሩ ይኸው ነው። ሞተሩ ዳገት እንዲወጣ ያደረገው ሞላ እኔን አያስነዳኝም፤ እኔን የሚያስነዳኝ ሞላ ዳገት አይወጣም። የእንግሊዝ አገር መሐንዲስ ቢመጣ ሌላ ምን ይለኛል? ጀማልን “ፍታውና ለመምህሩ እናስረክበው” አልኩት። “እስከ ሰኞ ጊዜ አለን” ብሎ ቁልፉን አነሣ።

ሦስት ለስላሳ፣ ሦስት ጠንካራ፣ አንዱን አልፎ አንዱን ገጠመ። ከዚያ ብሎኖቹን ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቀ፣ እኔ እየሳብኩ፣ ዳገት እየወጣሁ፣ እየተመለስኩ። ስድስት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ዳገቱን ወጣሁ፣ ትንሽ ብቻ እየተንሸራተተ። እጄም አራት ጊዜ ይስባል። ከአራት በኋላ ሩብ ሰዓት ማረፍ አለበት።

ጓሳ ደርሶ ለመመለስ አራት አይበቃም። መኝታ ክፍል ገብቼ ጠመዝማዛዎቹን አንድ በአንድ በሐሳቤ ነዳኋቸው። ማርሽ መጨመር ያለ ፍሪሲዮንም ይቻላል፤ ጋዙን ቀነስ ሲያደርጉለት በራሱ ይገባል። እጄን ለመነሣትና ለመቆም ብቻ ብቆጥበው… ይህ መንዳት አይባልም፣ ልመና ነው። አስካለ ገብታ “ምን ታወራለህ ብቻህን?” አለችኝ። መንገድ እያጠናሁ ነው አልኳት። ያንን መንገድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እሷም ታውቃለች። ተመልሳ ወጣች።

እሑድ፣ ኅዳር 8

አስካለ ደህና ናት። አስቀድሜ ይህን ልጻፍ፣ ሌላው ይደርሳል።

ከቅዳሴ መልስ ተነሣን። ጀማል “እትዬ አስካለ፣ እግርዎን በቀኝ በኩል ያድርጉት፣ ቺንጋው በግራ ነው” አላት። እሱ ይህን አሰበ፣ እኔም ይህን አሰብኩ። ባናዋን ግን ማን ያስብ? እዚህ አገር የሱፍ ባና ያልደረበ ሰው ራቁቱን የወጣ ያህል ነው። “ይቅርብሽ” አልኳት እንጂ አጥብቄ አልተናገርኩም። “ጓሳ ያለ ባና ይወጣል?” አለች። አንገቷ ላይ ቋጠረችው፤ እኔም ጫፉን ሰብስቤ እንድትቀመጥበት አደረግኩ። መላ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ወጣን። እውነቴን ነው፣ ወጣን። ከራቤል ስነሣ አንድ ጊዜ ሳብኩ። በጎች መንገድ ሲያቋርጡ ሁለት። ትልቁ ጠመዝማዛ ላይ ሦስት። የቀረውን በጋዝ እያባበልኩ። ቺንጋው ከጉልበቴ ሥር እየዞረ፣ ገለባውን እየተፋ። አስካለ ቀበቶዬን አጥብቃ ይዛለች። ሜዳው ጋ ስንደርስ፣ ያ የጓሳ ሣር በሁለቱም በኩል ሲተኛና ሲነሣ ሳይ፣ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ነፋሱ ግን ይቆርጣል። ግራ እጄ ደም አይዞርበትም፣ ቶሎ ይጠቁራል። አስካለ በትከሻዬ አሻግራ አየችው። “እጅህን እየው!” አለችና የተቀመጠችበትን የባና ጫፍ ስባ አውጥታ፣ በትከሻዬ አሳልፋ እጄን ከነእጀታው ሸፈነችልኝ።

ልከለክላት ይገባ ነበር። ቺንጋው እንዳለ አውቃለሁ፣ ተገልጦ እንዳለ አውቃለሁ፣ የገለጥኩት እኔ ነኝ። ግን ሞቀኝ። ያ እጅ ስንት ወር ሙሉ እንደዚያ ሞቆት አያውቅም። መንዳቴን ቀጠልኩ።

መቶ እርምጃ እንኳን አልሄድንም። ነፋሱ ጫፉን ገልቦ ወደ ታች ጣለው፣ ቺንጋው ጎረሰው። አስካለ ከኋላዬ “እህ” ብላ ጀርባዬ ላይ ተደፋች። ፍሪሲዮን ቢሳብ ቺንጋው አይቆምም፤ መጥፋት ያለበት ሞተሩ ነው። ይህን የማስበው አሁን ነው። ያኔ የማስበው ፍሪሲዮን ብቻ ነበር፤ እጄም ባናው ውስጥ ተጠምዶ የሚጨብጠው አጥቷል። ያተረፈን የባናው ውፍረት ነው። ፑሌጃው መሐል ተጠቅጥቆ ሞተሩን አንቆ አጠፋው። ቀስ ብለን ሣሩ ላይ ተጋደምን።

ቋጠሮው አንገቷ ላይ ጠብቋል። በአንድ እጅ ቋጠሮ አይፈታም። በጥርሴ ሞከርኩ። አንድ የጓሳ ጠባቂ ስንወድቅ አይቶን ኖሮ ዱላውን ጥሎ እየሮጠ መጣ፤ በቢላዋ ቆረጠላት። ካሳለች በኋላ ውኃ ሰጣት። ከዚያ ቺንጋውን ጎንበስ ብሎ አየና፣ “ይኼ ደግሞ ጥርሱን ገልጦ የሚሄደው ለምንድን ነው?” አለኝ።

አንገቷ ዙሪያ ቀይ መስመር ወጥቷል። ጣት ያህላል። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ስድብ እየጠበቅኩ። “እጅህ ግን ሞቆልህ ነበር?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ሰውየው ፊት አለቀስኩ፣ ዘይትም ምንም ሳልል።

ሞተሩን በቁልቁለቱ በፍሬን ብቻ እያንከባለልኩ አወረድኩት። እሷ ከጠባቂው ጋር በእግሯ ወረደች።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጀማል ጠዋት የተበላውን ቺንጋ አውጥቶ መለዋወጫውን ገጠመ። የባና ክር ከፑሌጃው ጥርስ ውስጥ በወስፌ ነው የለቀመው። ከዚያ ምንም ሳይጠይቀኝ ያንን ላሜራ አወረደ፣ ቆረጠ፣ ለአየር ቀዳዳ በሳለት፣ ገጠመ። ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት አልፈጀበትም።

“አሁን ደህና ነው ጋሼ። ልብስ አይገባም። ዝግ ብለው ከነዱ…” አለኝ። ልክ ነው፣ ቺንጋው አሁን ደህና ነው። ጥፋቱ የቺንጋው አልነበረም። አስካለ ማለዳ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ነው የተነሣችው፣ እንዳላይባት።

መምህር ዘውዱ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። አስካለ ስለ ውላችን አንድም ነገር አላነሣችም። እኔው ነኝ ቁልፉን ያወጣሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ጉም ያደረበት ቀን ሸራው እስኪደርቅ ዳገት አትሞክር። ቺንጋውን አታጥብቅ። ሽፋኑን ማንም ፍታው ቢልህ እንዳትፈታው፣ እኔም ብሆን። የደረበ ሰው አትጫን። ሰውየው አስተማሪ ነው፣ ደብተር አውጥቶ ጻፈው።

ከዚያ ተቀመጠና ፍሪሲዮኑን ሳበ። በሁለት ጣት። “ውይ፣ እንዴት ለስላሳ ነው!” አለ።

ጀማል መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ “አዎ፣ ለስላሳ ነው” አልኩ። ሲሄድ በር ላይ አልቆምኩም፣ ጋራዡ ውስጥ ገብቼ ብሎን ለቀምኩ። ልሰማው አልፈለግኩም ግን ሰማሁት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ይቸኩላል።

ማታ ቀድሜ ጋደም አልኩ። ተኛሁ ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ለኃላፊያችን ሞተሩን እንደሸጥኩ ነገርኩት። ፊቱ በራና መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣ። “መዝገቡ ይቆየኝ” አልኩት። “በእግር የሚደረስባቸውን ሦስቱን ቀበሌዎች ስጠኝ። መርፌ የምወጋው በቀኝ እጄ ነው፤ በጉን የሚይዝልኝ ባለቤቱ ነው።” መዝገቡን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። “እንሞክረው፣ ጋሼ” አለኝ በመጨረሻ። እንሞክረው ማለት እሺ አይደለም። እምቢም አይደለም። ነገ የክትባት ሣጥኑን በትከሻዬ ይዤ እወጣለሁ፤ ሲመሽ መመለሴ ነው። ጉልበቴ ይቻለው አይቻለው አላውቅም።

ዛሬ በጊዜ ገባሁ። በቀን ብርሃን ቤቴን ስገባ እንግዳ የመጣ መስሎት ውሻው ጮኸብኝ። ምንም የምሠራው ስላልነበረኝ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል አስካለ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። በጎቹ ገብተዋል፣ ውኃም ተቀድቷል። ቆየችብኝና ተከተልኳት። ከቤታችን ጀርባ ካቡ የሚያልቅበት ጋ፣ ወደ መንገዱ ዞራ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆማለች።

“ማንን ትጠብቂያለሽ?” አልኳት።

ደነገጠች። አየችኝ፣ መንገዱን አየች፣ ደግሞ አየችኝ። አፈረች፤ በዚህ ዕድሜዋ ስታፍር አይቻት አላውቅም።

“በዚህ ሰዓት እዚህ ነው የምቆመው” አለች። “የሞተሩ ድምፅ ከወንዙ ማዶ ሲሰማኝ ገብቼ እራትህን አቀርባለሁ። ዛሬ ቤት ውስጥ እንዳለህ ረስቼው፣ እግሬ ራሱ አመጣኝ።”

“ሁልጊዜ?”

“ሁልጊዜ ነዋ። ዝናብም ሲሆን።”

ሃያ ሦስት ዓመት። ስደርስ ሁልጊዜ ውስጥ ነበረች፣ ሁልጊዜ እራቱ ትኩስ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳን እንዴት ሰዓቱን አወቅሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ስንት ቀን መንገድ ላይ ከሰው ጋር ወሬ ይዤ አምሽቻለሁ። ይህን ለማሰብ ጊዜ አልሰጠችኝም።

“ታዲያ ነገስ?” አለች። “ስልኩ እንደሆነ ከወንዙ ማዶ ኔትወርክ የለው። በእግሩ የሚመጣ ሰው በምን ይሰማል?”

አላሰብኩበትም ነበር። ስለ ቺንጋና ስለ ሞላ ስንት ቀን ሳሰላ፣ ይህ በየትኛውም ረድፍ አልነበረም። ወንዙ ጋ ስደርስ እጣራለሁ አልኳት።

“ምን ብለህ?”

“አስካለ ብዬ ነዋ።”

“አብደሃል፣ አገር ይስቅብናል” አለች፤ ግን ወዲያው አልገባችም።

ይሳቁ። ድምፄ ከወንዙ ማዶ እስከዚያ ካብ ድረስ መድረስ አለመድረሱን ነው የማላውቀው።